ንጉሡ ያልጠየቁት ስም



«የተጻፈ አይቀርም» ሲባል እየሰማን አድገናል። ለቅሶ ቤት ይባላል፤ ባጃጅ የገጨው ሰው ሆስፒታል ሲገባ ይባላል፤ ፈተና የወደቀ ልጅ ሲጽናናም ይባላል። እኛም የነገ መምህራን ነንና በዚህ አባባል ላይ ጥቂት ብንጨዋወት አይከፋም ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ሐሳቡን የሰጡን ከበደ ሚካኤል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከተውኔቶቻቸው አንዱ «የትንቢት ቀጠሮ» ይባላል። ትንቢትን ቀጠሮ ብሎ መጥራት እንዴት እንደሚያስደነግጥ ልብ በሉ። ፍርድ ቤት ተቀጥሮ የቀረውን ሰው ፖሊስ ይዞ ያቀርበዋል። ከትንቢት ቀጠሮ የቀረ ንጉሥ ግን በተረት እንኳ አልሰማንም።

የሚቀሩ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። አንዱ የናቡቴን የወይን ቦታ የወሰደው አክዓብ ነው። ወደ ሬማት ዘገለዓድ ቢዘምት በሰላም እንደማይመለስ ነቢዩ ሚክያስ ፊት ለፊት ነገረው። ንጉሡ ተቆጣ፤ ነቢዩን እስር ቤት አስገብቶ ዘመተ። እኛን የሚገርመን አለማመኑ አይደለም፤ በግማሽ ማመኑ ነው። ጭራሽ ባያምን ኖሮ ልብሱን ባልለወጠ ነበር፤ ከልቡ ቢያምን ደግሞ ከቤቱ ባልወጣ። እሱ ግን መልኩን ለውጦ ጦሩ ውስጥ ገባ። አብሮት የዘመተውን የይሁዳውን ንጉሥ ኢዮሣፍጥን «አንተ የንግሥና ልብስህን ልበስ» አለው። ጮሌ ነው እኮ! ጠላት ኢዮሣፍጥን ከበበ፤ የሚፈልገው ሰው አለመሆኑን ሲያይ ተመለሰ። ከዚያ ስሙ እንኳ ያልተጻፈለት አንድ ወታደር ማንን እንደሚወጋ ሳያውቅ ቀስቱን ለቀቀ። አክዓብ ሲመሽ ሠረገላው ላይ ሞተ።

በአይሁድ ታልሙድ ውስጥም ለእኛ ቀረብ የሚል ወሬ አለ። ንጉሥ ሰሎሞን ሁለት ኩሻውያን ጸሐፊዎች ነበሩት ይላል። አንድ ቀን የሞት መልአክ አዝኖ አየውና «ምን ሆንክ?» ቢለው፣ «እነዚያን ሁለቱን አምጣ ተብዬ» አለው። ሰሎሞን ጥበበኛ ነውና ሰዎቹን ሞት አይገባባትም ወደምትባለው ሎዛ ላካቸው። እዚያ እንደደረሱ ሞቱ። በማግሥቱ መልአኩ ደስ ብሎት ታየ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «እንድቀበላቸው ወደታዘዝኩበት ቦታ ራስህ ላክህልኝ» አለ። ሰሎሞንን የሚያህል ብልህ በገዛ ብልሃቱ የሞት መልእክተኛ ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አፄ በካፋ በጎንደር የነገሡት ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. ነው። የእሳቸውን ፍርሃት ለመረዳት ከዚያ በፊት የሆነውን ማወቅ ያሻል። አባታቸው ታላቁ ኢያሱ በ1706 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በ15 ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ዙፋኑ ላይ ወጥተው ወረዱ። በካፋ ራሳቸው ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በሚያጉሩበት በወህኒ አምባ ታስረው፣ አምልጠው፣ እንደገና የተያዙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነግሦ ቀና ብሎ ቢተኛ ነው የሚገርመው። ልብስ ለውጠው በሕዝቡ መካከል ይዘዋወሩ እንደነበር እስከ ዛሬ ይተረካል። እንዲያውም ታመሙ፣ ሞቱ አስብለው ተደበቁና ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ደግሞ ቶሎ እንደሚነሣባቸው አዩ ይባላል። ብቅ ሲሉ የከተማው ሰው እንዴት እንደሸሸ አስቡት። ታዲያ በእውነት ሲሞቱ ሰዉ አላምን ብሎ ተቸገረ አሉ። ሞትን መቀለጃ ያደረገ ንጉሥ ለቅሶም በወጉ አያገኝም።

በዚሁ ንጉሥ ላይ የተነገረው ትንቢት እንዲህ ነው፦ ከእርስዎ በኋላ አገሩን የሚገዛው ወለተ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ነው። ንጉሡ በዚህ ስም ሲሰጉ ኖሩ ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ ቋራ ሄደው ሳለ ታመው በአንድ ቤት አረፉ፤ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑ አገቧት የሚል አፈ ታሪክ አለ። ይህች ልጅ እቴጌ ምንትዋብ ናት። የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ። የክርስትና ስሟስ? ወለተ ጊዮርጊስ።

የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅም አለና እናስረዳ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑ ሲጠመቅ ቤተሰቡ ካወጣለት ስም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ወንዱ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ እየተባለ፣ ሴቷ ወለተ፣ አመተ፣ ጽጌ እየተባለች ትጠራለች። ይህ ስም ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ነው እንጂ ለሰፈር ጥሪ አይውልም። መተትና ድግምት የሚፈራው ሰው ደግሞ ለማንም አይነግረውም። ስለዚህ ጎንደርን በሙሉ ሰላይ ቢያሰማሩባት እንኳ ሊሰወር የሚችል አንድ ነገር ቢኖር ይህ ስም ነው፤ ከአንድ ማዕድ ለሚበላ ባል ሳይቀር።

በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. አረፉ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበረና እናቲቱ ዘውድ ጭነው አብረውት ነገሡ። ኢያሱ በ1755 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ አገሩን ይመሩ የነበሩት፣ ቁስቋምን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው አያምርም፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 እ.ኤ.አ. ተገደለ፤ እሳቸውም ከአራት ዓመት በኋላ ሞቱ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ አለን። ይህን ትንቢት በመጽሐፍ ካሰፈሩት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በቁስቋም የእቴጌይቱ እንግዳ ነበር። ንጉሡ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ወሬ ማን ነገረው ብትሉ፣ ከእቴጌይቱ ወገን ቢሆን አይገርመንም። ከቋራ የመጡ ሴት ወይዘሮ ዘውድ ሲጭኑ «በምን መብት?» የሚል አይጠፋም። «ቀድሞም ተተንብዮ ነበር» ከማለት የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል? የቋራው ካሣም ቢሆን በ1855 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በዚህ ስም የሚነሣ ንጉሥ እንዳለ በፍካሬ ኢየሱስ አስቀድሞ ተጽፎ ሕዝቡም ይጠብቀው ስለነበር ነው። ትንቢት ለተሸነፈው ቀጠሮ ነው፤ ላሸነፈው ደግሞ ማኅተም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ጎንደርን ናፍቀን አይደለም፤ እኛ ያለነው ሐዋሳ ነው። ነገሩ የሚመለከተን በሌላ በኩል ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት መርተን በ1948 እ.ኤ.አ. ራሱን በራሱ ስለሚፈጽም ትንቢት ጽፎ ነበር፤ ባንኩ ሊከስር ነው ተብሎ ሲወራ ሰዉ ገንዘቡን ሊያወጣ ይሮጣል፤ ደህና የነበረውም ባንክ ይከስራል። ሮዘንታልና ጃኮብሰን ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ነገሩን ወደ ክፍል ውስጥ አመጡት። በዕጣ የተመረጡትን ልጆች «እነዚህ ዘንድሮ ይጎብዛሉ» ብለው ለመምህራኑ ነገሩ። በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ያሉት የተባለላቸውን ያህል ከፍ አሉ። በጥናቱ ላይ ሌሎች ምሁራን ብዙ ተከራክረውበታል፤ ይህንንም አብረን ማወቅ አለብን። ቢሆንም መምህር የሚናገረው ቃል ከጠንቋይ ቃል የበለጠ እንደሚሠራ አንጠራጠርም፤ ጠንቋዩ ልጁን የሚያየው አንድ ቀን ነዋ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ማለፍ ለእኛ አልተጻፈም» የሚል ወሬ በታችኞቹ ክፍሎች ሳይቀር ይሰማል። ለልምምድ ማስተማር አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በሄድን ጊዜም ቀድሞን ያገኘን ይኸው ነው። አንድ የ6ኛ ክፍል መምህር በቅንነት፣ እኛን ለመርዳት ብለው «ከኋላ ባሉት ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ ሰው አይወጣቸውም» አሉን።

የበካፋን ታሪክ ያስተማርነው በዚያው ክፍል ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ልጆች ናቸው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ስለዚህ ስለ ክርስትና ስም ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ሲያልቅ አንድ ልጅ ከፊት ተነሥቶ «ንጉሡ ሲያገቧት ስሟን በደንብ ለምን አልጠየቋትም?» አለ። እኛ ኩራት ነው፣ ንጉሥ የሰውን ጓዳ እንጂ የራሱን አይጠረጥርም ብለን ልንመልስ ስንል፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ «ታመው አልነበር እንዴ? ያስታመመችን ሰው ማን ይመረምራል?» አለች።

ይህን መልስ በዕለቱ የትምህርት ዕቅዳችን ላይ አላዘጋጀነውም ነበር። ሌላ ረዳት መጽሐፍም ላይ አላየነውም። የልጅቱን ስም መምህሩን ብንጠይቃቸው አላስታወሱትም፤ ከስም መጥሪያው ላይ ፈልገን ማስታወሻችን ላይ ጻፍነው።