ዶሮ ቤት የተረፈው ሰፌድ

ቆቦ ባለው ቤታችን ግድግዳው የእናታችን ደብተር ነበር። የስፌት ጌጥ በወረቀት አታሰፍርም፤ አዲስ ባወጣች ቁጥር በትንሽ ሰፌድ ሰፍታ ትሰቅላለች። ሞሰብ ስትጀምር «ያን ባለ ኮከቡን አውርዱልኝ!» ትለናለች፤ ወስፌዋን ይዛ ዙሩን ትቆጥራለች።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ወጣን። ስንመለስ ግድግዳው ባዶ። የተረፈው አንድ ሰፌድ ብቻ፤ እኛው «አርጅቷል» ብለን ዶሮ ቤት የወረወርነው! እናታችን ምንም ሳትናገር አጥባ ሰቀለችው።

እኛ ተማርን ባዮች በካሬ ደብተር ልንገለብጠው ሞከርን። አልሆነም፤ ስፌት ከመሀል ተነስቶ እየሰፋ ይዞራል፣ ካሬው ባለበት ይቆማል። የቀሩት ጌጦች ያሉት በእጇ ነው። ክረምት አገር ስንገባ ወስፌ ይዘን ከጎኗ ልንቀመጥ ተማምለናል። እናንተስ ወገኖች፣ የእናቶቻችሁን ሙያ የት አኑራችሁታል?