ጋሼ፣ ይተዉት

የሦስት ቤት ኮምፒውተር ለቫይረስ አጋልጬ ሰጥቻለሁ። አንዱ የራሴ ነው፣ ቡራዩ። ሁለተኛው የታላቅ እህቴ፣ ሰበታ። ሦስተኛው የአማቼ፣ ሱሉልታ። ሳላውቅ ያደረግሁት ቢሆን ይቅርታው በቀለለኝ፤ እኔ ግን ያደረግሁት አውቃለሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ወር ሳይሞላኝ፣ አንድ ማታ የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ የትርጉም ሥራ ላክሁና ሳላጠፋው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የወር የኢንተርኔት ጥቅሌ አልቋል። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጎረቤት ልጆች ናቸው አልኩና የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፤ ሁለቱን ጎረምሶችም ሳምንት ሙሉ ስገላምጣቸው ከረምኩ። እነሱ ምስኪኖቹ «እንደምን አደሩ» ይሉኛል፣ እኔ በአፍንጫዬ እመልሳለሁ። ለካስ ሌባው ጠረጴዛዬ ላይ ነው! ዊንዶውስ 10 የስልኬን ሆትስፖት እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ አፕዴት ሲያወርድ አድሯል።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ማታ ሥራ ላይ እያለሁ ራሱን አጥፍቶ ተነሳና «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ደቀነብኝ። እኔ መች አጠፋሁት? ቁጥሩ 30 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አብሮ አልመጣም። ጥቁር ስክሪን፣ ከላይ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ፤ በቃ። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ መለሰልኝ፤ ያላስቀመጥኩት ሥራ ግን አብሮ ሄደ።

ስናደድ ያየኝ አንድ ወዳጄ የሰርቪሶቹን ዝርዝር ከፍቶ፣ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ዘጋና ተመልሶ እንዳይነሳ የሚያደርግ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጫነልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባለሙያ ሆንኩ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲያውቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰበታ ሄጄ የእህቴን ዘጋሁላት፤ እሷ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት፣ ቀኑን ሙሉ የመምህራን ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል የሚውልበት። በሌላ ቅዳሜ በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወጣሁ፤ የአማቼንም ዘጋሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸውን በአንድ ጣት ይተይባሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን የጋሻ ምስል እየጠቆሙ፣ «ልጄ፣ ይቺ ቀይ ምልክት ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ምንም አይደለችም ጋሼ፣ ይተዉት።»

የጸረ ቫይረሱ የዲፌንደር ምልክት ነበረች። አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለይበት ዝርዝር የሚመጣለት እኔ በዘጋሁት በር በኩል እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። በሩን ዘግቼ ዘበኛውንም አስርቤው ኖሯል።

በ2013 የፈተና ሰሞን እህቴ ደወለች። ሰላምታም የለ፤ «አንተ! ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ!» ሰበታ ስደርስ የሱቋ በር ላይ አምስት መምህራን ፍላሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ከአንዱ ፍላሽ የገባው ቫይረስ የፈተና ወረቀቶቹን ደብቆ፣ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች አስቀምጧል። ሾርትከቱን የከፈተ ሁሉ ቫይረሱን ራሱ ያስነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ተበክሎ ይወጣል። የጠራነው ልጅ በጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ጻፈና የተደበቁት ፋይሎች ተግተልትለው ወጡ። ቀና ሳይል፣ «ይሄን አፕዴት የዘጋው ማነው?» አለ። እህቴ ወደ እኔ አየች። መምህራኑም አዩ።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የሚባል ጥቃት ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ሕመምተኛ እስከ መመለስ ሲደርሱ በሬዲዮ ሰምቼ «የፈረንጅ ችግር» ብዬ ነበር። ያልሰማሁት፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ፣ መጋቢት 5 ቀን መውጣቱን ነው። በጊዜው ያልጫኑት ናቸው የተመቱት፤ እንደ እኔ ያሉት።

የሚያናድደው መፍትሔው ሰቲንግ ውስጥ ቁጭ ማለቱ ነው። ሆትስፖቱን «ሜተርድ» ብዬ ብመዘግበው ትልልቁን አፕዴት በእሱ አያወርድም ነበር። የሥራ ሰዓቴን ብነግረው በዚያ ሰዓት ራሱን አያስነሳም። ጭራሽ ካልተመቸኝ እስከ 35 ቀን አቆይ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን «ቆይ» ማለት ሲበቃኝ «ድርሽ እንዳትል» አልኩት። አሁን የወሩ የደኅንነት አፕዴት ከወጣ በኋላ (በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው የሚወጣው) የሳምንት መጨረሻ ጥቅል እገዛለሁ፣ ዩፒኤሴ መሙላቱን አያለሁ፣ ሥራዬን ፍላሽ ላይ ገልብጬ በገዛ እጄ እጫናለሁ። ጎረምሶቹንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ሳልቀደም ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ሞከርኩ። ዴስክቶፔ አርጅቷል፣ መስፈርቱን አያሟላም አለኝ። ስንት ዓመት የሸሸሁት አፕዴት በተራው እኔን ሸሸኝ። የቀረኝ ለአንድ ዓመት በሚሰጠው የማራዘሚያ አፕዴት መመዝገብ ነው። ይህን ለማስረዳት ሱሉልታ ስደርስ የጋሼም ኮምፒውተር ያንኑ ጽፎባቸው ጠበቀኝ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄንንስ ልተወው?»