ከእንጦጦ ቁልቁለት

ባለፈው ኅዳር 21 ቀን፥ በጽዮን ማርያም በዓል፥ ሦስት ሆነን ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ እንጦጦ ማርያም ለመሳለም ወጣን። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ የሚያመራው መንገድ ለመኪና የተመቸ ቢሆንም፥ እኛ ግን እንደ ቀድሞ አባቶቻችን በእግር መሄድን መረጥን። በሽሮ ሜዳ የሸማ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ገና አልከፈቱም ነበር፤ ነጠላ የለበሰው ምእመን ግን በቡድን በቡድን እየሆነ ዳገቱን ተያይዞታል።

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ማለዳው እጅግ ይበርዳል። ዳሩ ግን ዳገቱን ጨርሶ ፊቱን ወደ ደቡብ የመለሰ ሰው ብርዱን ይረሳዋል። አዲስ አበባ እንደ ተዘረጋ ስጋጃ ከእግሩ ሥር ተኝታ ያያታል። ዐፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነበር። በደብሩ አጠገብ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ መኖሪያና ቤተ መዘክሩ ያንን ዘመን ለጎብኚ ያስታውሳሉ።

በዚህ ተራራ ላይ ሌላም ታሪክ አለ፤ እርሱም የዛፍ ታሪክ ነው። አዲስ ከተማ በተቆረቆረች ጊዜ ሕዝቡ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲል በዙሪያው የነበረውን ደን ጨረሰው። የማገዶው እጥረት እጅግ ስለ ጠና ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ፈጥኖ የሚያድገው፥ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባ ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እንጨቱ ከተራራው ተነሥቶ እስከ ምድጃችን የመጣው በማን ጀርባ ነው? ይህን ጥያቄ በዚያን ዕለት እስክንመለስ ድረስ ከልባችን አስበነው አናውቅም ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ስንወርድ፥ ከመንገዱ ዳር ሦስት ሴቶች ከጭራሮና ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የታሰረ ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ቆመው አገኘን። ወገባቸው እንደ ጎበጠ ነበር፤ ሸክሙ ከጀርባቸው ሳይወርድ ነው የሚያርፉት፤ አንድ ጊዜ ከወረደ መልሶ የሚያሸክም ረዳት ያስፈልጋልና። ከእኛ ጋር የነበሩት አረጋዊ ይህን ባዩ ጊዜ አዘኑ፤ አዝነውም ዝም አላሉም።

«እናቴ፥ ዛሬ እኮ የእመቤታችን በዓል ነው፤ ምነው ለአንድ ቀን እንኳ ቢያርፉ?» አሏቸው።

ከሴቶቹ በዕድሜ የገፉት እናት ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው፥ ያለ ቁጣ መለሱ። «አባቴ፥ እኔም በዓሏን ባከብር ደስ ባለኝ። ትናንት የደን ጠባቂው ያገኘሁትን አስጥሎኝ ባዶ እጄን ገባሁ። የትናንቱ ቀርቷል፤ የዛሬውንም ካስቀረሁ ልጆቼ ምን ይቀምሳሉ?»

አረጋዊው አንገታቸውን ደፉ። እኛም እንደ እርሳቸው አፈርን።

ከእኚህ እናት ጋር እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ አብረን ወረድን። ከቤታቸው የሚነሡት ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ጭራሮውን ለቅመው፥ አስረው፥ ተሸክመው ገዢ እስኪያገኙ ድረስ ቀኑ ያልቃል። የአንዱ ቀን ሸክም ያንኑ ቀን ያሳድራል እንጂ ለነገ አይተርፍም። ዝናብ ከዘነበ፥ ጉልበት ከታመመ፥ ልጅ ካተኮሰው ገቢው ይቆማል፤ ቤት ኪራዩ ግን አይቆምም። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤተሰብ ሲበዛም ገዢያቸው ይቀንሳል። ከእጅ ወደ አፍ የሚባለው ኑሮ ትርጉሙ ይህ ነው።

ይህ ጉዳይ ከዚህ ቀደም በሊቃውንት ዘንድ ሳይመረመር የቀረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ አዲስ አበባ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጥናት አስደርጎ ነበር። የእያንዳንዲቱ ሸክም በአማካይ ከ30 ኪሎ እንደሚበልጥ፥ መንገዱም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ታወቀ። ከጥናቱም በኋላ የቀድሞ ተሸካሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ሸማ በመሥራት የሚተዳደሩበት መንገድ ተከፍቶላቸዋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም ከእነዚህ እናቶች መካከል በዚያ ሥራ ያገኙ አሉ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ሴቶቹ ሸክሙን የተሸከሙት የተሻለ ሥራ ጠልተው ሳይሆን የተሻለ ሥራ አጥተው ነው። ድኻ ስንፍና አደኸየው የሚል ሰው ቢኖር፥ አንድ ማለዳ ከእነርሱ ጋር ዳገቱን ይውጣ።

ታዲያ ሕግ ለሠራተኛ የሚያደርገው ምንድን ነው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ብዙ መልካም ነገር ይዟል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። የታመመ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙን፥ በሚቀጥሉት ሁለት ወሮች ግማሹን ይቀበላል፤ ከዚያም በኋላ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ሥራው ይጠበቅለታል። ደግሞም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥላ የተዘረጋው አሠሪ ላለው ሰው ነው። የእንጦጦዋ እናት አሠሪያቸው ማን ነው? ተራራው ነውን? ወይስ ጭራሮውን የሚገዛው መንገደኛ? ብትታመም የሚከፍላት፥ ብታረጅ የሚጦራት የሌላት ሴት ከሕጉ ጥላ ውጭ በፀሐይ ቆማለች። እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም፤ የቀን ሠራተኛው፥ ጉሊት ቸርቻሪዋ፥ ሊስትሮው፥ ሸማኔው ሁሉ የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው።

መንግሥት ለከተማ ድኾች የምግብ ዋስትናና የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ጀምሯል። መሥራት የሚችሉት መንገድ በማጽዳትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳሉ። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን የችግሩን ስፋት ሁሉ የሚሸፍን አይደለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ በመረዳዳት የታወቅን ነን። ዕድር አለን፤ ዕቁብ አለን፤ የጽዋ ማኅበር አለን። ሆኖም በቁልቁለቱ ላይ ሳለን እኚህ እናት የተናገሩት አንድ ቃል ከአእምሯችን አልወጣም። «ብሞት ዕድሬ በክብር ይቀብረኛል፤ ድንኳንም ይተክልልኛል። የማይረዳኝ ብታመም ነው» አሉን። በውኑ እውነት አይደለምን? ዕድራችን ለሞት እንጂ ሥራ ለማጣትና ለሕመም የተሰናዳ አይደለም። ጥቂት ዕድሮች የታመመ አባልን መርዳትና ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ጀምረዋል፤ የእነርሱን ምሳሌ መከተል ለሌሎቹም ይገባል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ አሁን ከተራራው ወርደን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ነገሩ የሚያፍረው እዚህ ነውና። በዚያን ዕለት ማታ ስለ እንጦጦዋ እናት ለቤተሰባችን ስናወጋ፥ በማጀት የምታገለግለን ልጅ እግር ሠራተኛ ቆማ ትሰማን ነበር። ከእርስዋ በፊት የነበረችው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ታማብን፥ የሠራችበትን ሒሳብ ሰጥተን ወደ አገርዋ እንደ ላክናት ያን ጊዜ ትዝ አለን። ሒሳቡን አላጎደልንባትም፤ ስለዚህ ደግ የሠራን መስሎን ነበር። ነገር ግን ያሳከምናት አይደለም፤ ስትድንም ተመለሺ አላልናትም። አዋጁ በቤት ውስጥ ለሚያገለግል ሠራተኛ በቀጥታ አይጸናም፤ ጉዳዩን ለሌላ ደንብ ትቶታል። ሕጉ ባይደርስባት እንኳ ሕሊናችን ሊደርስባት ይገባ ነበር። የሙሴ ሕግ የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው ዘንድ ያዘዘው፥ ድኻው በዋጋው ላይ ነፍሱን ጥሎ እንደሚኖር በማሰብ መሆኑን ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ መስማታችን ግን ለማድረግ አላበቃንም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ከባለቤታችን ጋር ተማክረን ለሠራተኛችን ሦስት ነገር ወሰንን። የሳምንት ዕረፍቷ ቀን ተቆርጦ ታወቀ። ብትታመም እንድትታከም፥ እስክትድንም ደመወዟ እንዳይቋረጥ ተስማማን። በስሟም የቁጠባ ደብተር ተከፈተላት፤ በየወሩ ከእርስዋም ከእኛም ጥቂት ጥቂት ይገባበታል። ይህ ታላቅ ነገር አይደለም፤ ከአንድ ቤት የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው። የቀድሞዋንም ልጅ በዘመድ በኩል እያስጠየቅናት ነው፤ ያለችበትን እስካሁን አላገኘንም።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ እንጦጦ ለመሳለም በምትወጣበት ቀን፥ ከተራራው ራስ የከተማይቱን ውበት አይተህ ስትመለስ፥ ከመንገዱ ዳር ሸክሟን በድንጋይ አሳርፋ የቆመች እናት ብታገኝ በበዓል ስለ መሥራቷ አትገሥጻት። ዋጋዋን ሳትከራከር ክፈላት። ከዚያም ቤትህ ስትገባ፥ ከራስህ ጣራ ሥር ሸክም የተሸከመ ሰው እንዳለ ወይም እንደሌለ ተመልከት።