አሁን ምን እየሰማህ ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ! ሰው ለሰው ከሚያቀርበው ጥያቄ ሁሉ እጅግ ቀላሉ «አሁን ምን እየሰማህ ነው?» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣ፣ ምስጢር አያስወጣ፣ የማንንም ክብር አይነካ። ዳሩ ግን እኔ በዚህ በትንሹ ጥያቄ አንድ ጊዜ አፍሬበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳላስተውለው የኖርሁትን በደሌን ዐውቄበታለሁ። ሁለቱንም ሳልደብቅ ባጫውትህ ምናልባት ከእኔ ስሕተት ትጠቀም ይሆናል በማለት ብዕሬን አነሣሁ።

የማስተምረው በደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያ ከተማ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰው ወይ አልጋው ውስጥ ይገባል፣ ወይ ከወዳጆቹ ጋራ ከሰል ከብቦ ይቀመጣል። እኛ አራት ነን፤ አንዱ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዷ ነርስ፣ አራተኛው እኔ ነኝ። ደመወዛችን ከወር ወር የማያደርስ ስለ ሆነ የቅዳሜ ማታ መዝናኛችን ሻይና ሙዚቃ ነው። ከሰሉ እንዳይመርዘን ነርሷ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ታስከፍተናለች፤ እኛም በአንድ በኩል እየሞቅን፣ በሌላው በኩል እየበረደን እንቀመጣለን።

የማኅበራችን ሕግ አጭር ነው። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሳምንት ሲሰማ የሰነበተውን አንድ አልበም ይናገራል፤ ዕጣ የወጣለት አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል። ዘፈን መዝለል ክልክል ነው። አስተያየት መስጠትም የሚቻለው የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ተራዬ ደረሰና «አንተስ ምን እየሰማህ ነው?» ተባልሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ስሰማ የሰነበትሁት ከጎረቤቴ ሠርግ ጆሮዬ ላይ የቀረ አንድ የጭፈራ ዘፈን ነበር። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ መምህር ይህን እንዴት ይናገር! ስለዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ «የሙላቱ አስታጥቄን ‹ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ› ነው» አልሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ ፈገግ ብሎ «ዘፋኙን እንዴት አገኘኸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላቅማማ «ድምፁ ግሩም ነው!» ብዬ መለስሁ።

በ1972 በኤውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ የተቀዳው ይህ አልበም ዘፋኝ የለውም። ሙላቱ በቫይብራፎን፣ ጓደኞቹም በየመሣሪያቸው የሚጫወቱበት በሙሉ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። ሣቁ ቤቱን ሞላው። ነርሷ ግን እንደ መቆጣት ብላ «መምህር፣ እዚህ እኮ ማርክ የሚሰጥህ የለም!» አለችኝ። ይህ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ በማኅበራችን መካከል የምሰማውን ብቻ መናገር ጀመርሁ።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የባንክ ሠራተኛው የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ይዞ መጣና ዕጣው ወጣለት። አልበሙ ሲያልቅ ታሪኩን ነገረን። ኃይሉ በአዲስ አበባ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበረ። ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲመለስ እርሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋራ አዋሕዶ ብቻውን ይህን ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ የዕለት እንጀራው ታክሲ መንዳት ሆነ፤ በዱለስ አውሮፕላን ጣቢያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ፣ ባለቤቱንም ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ወዳጆቼ ስለ ዕድልና ስለ ትዕግሥት ሲጨዋወቱ እኔ ሻዬን መጠጣት አቃተኝ። በዐሳቤ የመጣው በኮምቦልቻ የሚኖሩት አባቴ ነበሩ።

አባቴ በጡረታ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በኤንትሬ መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ ኖረው፣ በ1998 ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ወደ ጅቡቲ መሥመር ዞሩ። ከሥራ ሲወጡ ወደ ቤት ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ የሣሙና ካርቶን ሙሉ ካሴት ነበር። እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ቤት ገባሁ። አባቴ ለቅሶ በሄዱበት ቀን ቤት ላጸዳ ተነሣሁና፣ ቆራሌው በደጅ ሲጮኽ ሰምቼ ካርቶኑን እንዳለ በስልሳ ብር ሸጥሁለት። ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷልና ለምን ይጠቅማል ብዬ ነው። በገንዘቡም የስልክ ካርድ ገዛሁበት።

አባቴ ሲመለሱ ባዶውን ቦታ አይተው «ካርቶኑስ?» አሉ። «አባባ፣ አሁን እኮ ሁሉም በስልክ አለ» አልኋቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

አንባቢ ሆይ፣ የኃይሉን ታሪክ ስሰማ የቆጨኝ ከአባቴ ካሴቶች መካከል ዓለም የሚፈልገው ዕንቍ ይኖር ነበር ብዬ አይደለም። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከወዳጆቼ ጋራ «ምን እየሰማህ ነው?» እየተባባልሁ ስቀመጥ፣ የወለዱኝን ሰው አንድ ቀን እንኳ ይህን ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ኮምቦልቻ ሄድሁ። ከእራት በኋላ «አባባ፣ በመኪናው ላይ ይሰሙት የነበረው ማንን ነው?» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ማህሙድን» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ወንዝ ፈሰሱ። ወደ አፋር በረሃ ቍልቍል ሲወርዱ ካሴቱ በሙቀት ይለጠጥና የማህሙድ ድምፅ እንደ ደከመው ሰው ይጎተት እንደ ነበር፣ ስለዚህም በሸሚዛቸው ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ያኖሩት እንደ ነበር፣ ቴፑ ሲያኝከውም በእስክሪብቶ እያሽከረከሩ ያድኑት እንደ ነበር አጫወቱኝ።

በስልኬ «እሬ መላ መላ»ን ፈልጌ አሰማኋቸው። ማህሙድ አሕመድ ይህን ዘፈን ከአይቤክስ ባንድ ጋራ በ1975 እንደ ቀዳው፣ በ1986 ደግሞ ቤልጅግ አገር የሚገኝ አንድ አሳታሚ ለኤውሮፓ ሰዎች እንዳሳተመው ነገርኋቸው። «ፈረንጅም ሰማው?» ብለው ሣቁ። ዘፈኑ ሲያልቅ አባቴ ቀጣዩን ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ከስልኩ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ይህ አይደለም» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ፤ «በእኔ ካሴት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ይህ አይደለም።»

ያን ጊዜ «ሁሉም በስልክ አለ» ያልሁት ውሸት እንደ ሆነ ገባኝ። ዘፈኖቹ አሉ፤ አባቴ በአሥር ዓመት መንገድ ያጠኑት ቅደም ተከተል ግን በስልኩ የለም።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ለቆራሌው የሸጥሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ዐውቃለሁ። ስንት ሰጠህ?»

«ስልሳ ብር።»

«አታሎሃል!» ብለው ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸውን ገታ አድርገው «አንዱ ላይ የረዳቴ ድምፅ ነበረበት» አሉ፤ «ሚሌ አድረን እየዘፈነ የቀዳው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ መንገድ በላው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቢሆንም በማግሥቱ ደብተር አውጥቼ የዚያን የማህሙድ ካሴት ዘፈኖች በተራቸው፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ አባቴ በቃላቸው እየነገሩኝ ጻፍሁ። በስልኬም በዚያው ተራ ደርድሬ ሰጠኋቸው። የረዳቱ ዘፈን የነበረበትን ግን ሊተካው የሚችል የለም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስልክ የሚደውሉልኝ አባቴ ናቸው። ገና ጤንነቴን ሳይጠይቁ «አሁን ምን እየሰማህ ነው?» ይሉኛል። በቀደም «ሸሞንሟናዬ»ን ልኬላቸው ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ይህ ባለ አኮርዲዮን ሾፌር መሆኑ ያስታውቃል፤ ሙዚቃው ለመንገድ ይሆናል» አሉኝ። ይህን አስተያየት ለማኅበራችን ሳቀርብ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊናገር የቻለ አልተገኘም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ ወዳጆችህን ስለሚሰሙት አልበም ስትጠይቅ ቤትህ ያሉትን ሰዎች አትርሳ። አባትህን፣ እናትህን፣ ወይም ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያመሸውን የመሥሪያ ቤትህን ዘበኛ ጠይቅ። የወደዱትን ሲነግሩህም ሳትዘልል እስከ መጨረሻው ስማላቸው።