እርምጃችንን የሚቆጥረው አፕ፣ መልሳችንን የሚያነበው ማን?

ቢሮ የምንውል ወጣቶች አኗኗራችን ይታወቃል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን እንሄዳለን፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንውላለን፣ ማታ ደግሞ ተቀምጠን እንመለሳለን። በመሐል ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ አለ፤ እሱንም ስንት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁን።

አሁን አሁን አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች "የሠራተኞች ጤና ፕሮግራም" የሚባል በስልክ የሚሠራ ነገር ይዘው መጥተዋል። እኛ ጋም ገብቷል። አፑ እርምጃ ይቆጥራል፣ ውሃ ጠጡ ይላል፣ ነጥብ ይሰጣል። ክብደታችንን፣ ያለብንን ሕመምና በቤተሰብ ያለውንም ይጠይቃል።

ፕሮግራሙን አንጠላውም። ለፉክክሩ ሲሉ ሊፍት ትተው በደረጃ መውጣት የጀመሩ ልጆች አሉ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ የወጡት እነማን ነበሩ? ድሮም ዙህርን ለመስገድ መስጂድ ድረስ በእግር የሚሄዱት ናቸው። አፑ የቆጠረላቸው የነበረውን ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን በዕጣ ከፍሎ ይህን መሰል ፕሮግራም ሲፈትሽ የተገኘውም ከዚህ ይቀራረባል። ወደው የገቡት ቀድሞውንም ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ነበሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙ በሕክምና ወጪያቸውም ሆነ በስፖርት ልማዳቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ይሄ እንኳ ቀላል ነው። የከበደን ሌላ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባችን የስኳር ሕመም አለባት። መጠይቁ ላይ "የስኳር ሕመም አለብዎት?" የሚለው ጋ ስትደርስ ስልኩን ዘግታ አስቀመጠችው። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀረው። መልሱን ማን እንደሚያየው ኤችአር ሄደን ጠየቅን። "ሲስተሙ ነው" ተባልን። ሲስተም ግን ሰው አይቀጥርም፣ አያሰናብትም። የሰው ሕመም አማና ነው፤ የተቀበለ ሰው የት እንዳስቀመጠው መናገር አለበት።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሌላ አገርም ተነስቷል። የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ መምህራን ጎ365 በሚባል አፕ ካልተሳተፉ በወር 25 ዶላር ተጨማሪ ለጤና መድን ሊከፍሉ ነበር። ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ዕቅዱ ተሰረዘ፤ ቁጣቸው ግን አልበረደም። በደመወዝና በመድን ወጪ ምክንያት በየካቲት መጨረሻ ሥራ ሲያቆሙ በ55ቱም ካውንቲዎች ትምህርት ቤት ተዘጋ።

እኛ አገርም ሕግ አለ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል። ስለዚህ "እስማማለሁ" የሚለውን ከመንካታችን በፊት መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ተሰባስበን ደብዳቤ ጻፍን። መልሳችንን ማን እንደሚያይ በጽሑፍ ይነገረን፣ ያልመለስነው ጥያቄ ነጥብ አያስቀንስብን፣ የምሳ ሰዓታችን በስብሰባ አይወሰድብን አልን። በእግር ሂዱ የሚለን አካል መሄጃ ሰዓት ሊተውልን ይገባላ! የምሳውን ተቀብለውናል፤ አሁን ከዙህር በኋላ የሰገደውም ያልሰገደውም አብረን ሰፈሩን ዞረን እንመለሳለን፣ ባልደረባችንም አለችበት። ስለ መረጃው ግን እስካሁን መልስ አልመጣም፤ መጠይቁንም አልሞላችውም።