የደብረ ታቦር እንፋሎት በሮተርዳም ቁጥር አይሰላም

ያደግሁት ከጉና ተራራ አቅራቢያ፣ ደብረ ታቦር ነው። አሁን የምሠራው ሮተርዳም ወደብ አካባቢ በፋብሪካ መለኪያና ቁጥጥር ሙያ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የእንፋሎት ስሌትን ምን ያህል እንደሚያዛባ ለአገር ቤት ባለሙያዎችና ውጭ ለምንኖር ወገኖች ላስረዳ።

በቧንቧ የሚያልፍ እንፋሎት ሚዛን ላይ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን፣ ኦሪፊስ ፕሌት፣ ቧንቧው ውስጥ ይገባና ከፊቱና ከኋላው ያለው የግፊት ልዩነት ይለካል። በሰዓት ስንት ኪሎ እንዳለፈ ለማወቅ ግን የእንፋሎቱ እፍግታ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው፣ መታወቅ አለበት። እሱን የሚወስነው ጠቅላላ ግፊቱ ነው። ፕሬዠር ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ይደመርበታል።

ሆላንድ ባሕር ጠለል ላይ ያለች አገር ናት፤ 1.013 ባር ደምሮ መሄድ ችግር አያመጣም። ብዙ የፍሰት መለኪያዎችም ይህ ቁጥር ተሞልቶባቸው ነው የሚመጡት።

2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ግን የአየሩ ግፊት 0.73 ባር ያህል ነው። ውሃ በ91 ዲግሪ የሚፈላው፣ ባቄላም እሳቱ ቢበረታም ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ጌጁ 2 ባር ሲያሳይ ሮተርዳም ያለው የደረቅ እንፋሎት እፍግታ 1.66 ኪሎ በሜትር ኩብ ሲሆን ደብረ ታቦር 1.51 ብቻ ነው። መለኪያው ላይ የተሞላው 1.013 ካልተስተካከለ ኦሪፊስ ፕሌት ፍሰቱን 5 በመቶ ገደማ፣ ይዘትን የሚለካ ቮርቴክስ ሜትር ደግሞ 10 በመቶ ገደማ አብዝቶ ያነባል። የሌለ እንፋሎት ተቆጥሮ ቦይለሩ ነዳጅ ቆጣቢ ይመስላል። ጌጁ 10 ባር በሚያሳይበት መስመር የኦሪፊሱ ስህተት ወደ 1.3 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ዝቅተኛ ግፊት ላይ ነው።

በሆስፒታል ጉዳዩ ከነዳጅ ያለፈ ነው። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ እንዲደርስ ባሕር ጠለል ላይ ጌጁ 1.04 ባር ማሳየት ይበቃዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን 1.32 ያስፈልጋል። በ1.04 ከቆመ ሙቀቱ 116 ዲግሪ ላይ ይቀራል፤ በመመሪያው ሰዓት ብቻ ዕቃው ስለመጽዳቱ ዋስትና የለም።

እዚህ ሮተርዳም እያንዳንዱ መለኪያ የተሰላበት ሁኔታ በሰነድ ይያዛል፣ በየጊዜውም ካሊብሬሽን ይደረጋል። አገር ቤት በጎበኘኋቸው ቦይለር ቤቶች ኦፕሬተሮች የጌጁን ንባብ በየሰዓቱ በትጋት ይመዘግባሉ፤ ለአካባቢው የአየር ግፊት ግን መዝገቡ ላይ ቦታ አላየሁም። ጉዳዩ የደጋ ብቻም አይደለም። በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የነበረው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት 0.85 ባር ያህል ነው።

የአገር ቤት መሐንዲሶች፦ የአካባቢያችሁን የአየር ግፊት በባሮሜትር ለክታችሁ በእያንዳንዱ የፍሰት መለኪያ ላይ አስገቡ፣ መዝገቡም ላይ ጻፉት። ለሆስፒታሎቻችን ኦቶክሌቭ የምንልክ ደግሞ መሣሪያው የሚሄድበትን ከፍታ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ሴፍቲ ቫልቩ ተጨማሪውን ግፊት መፍቀዱን እናረጋግጥ፤ የሚቻል ከሆነ በሙቀት የሚቆጣጠረውን እንምረጥ።