ባሕር ዳር፣ ፀሐይዋና ፊቴ

ባሕር ዳርን በሽርሽር ብቻ የምታውቋት ከሆነ ትዝ የሚሏችሁ ዘንባባዎቹ፣ ጣና ዳር የሚበላው ዓሣና ወደ ዘጌ የሚወስደው ጀልባ ናቸው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲያዛውረኝ ጓደኞቼ "አንቺ ምን አለብሽ፣ ዕረፍት ልትሄጂ ነው" ብለውኛል። ከተማዋን በደንብ ያወቅኋት ግን የቆዳ ሐኪም ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በማድያት ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉንጬ ላይ የወጣው ጥላ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጠቆረም፣ ሰፋም። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ፊት ነኝ። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግኩ፤ ከአንድ ሱቅ "በሁለት ሳምንት ያጠፋዋል" የተባለ ክሬም ገዛሁ። እውነትም አጠፋው። ሌላውን በማሸጊያ ውበት የማሳምን ሰው፣ እኔ ራሴ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም! በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሳልቀባ ከዋልኩ ፊቴ እንደ በርበሬ እየቀላ ያቃጥለኝ ጀመር። ብጉሩም ተከተለ።

ታዲያ ለምን ቶሎ አልታከምሽም ትሉኝ ይሆናል። በታፔላው ምክንያት ነዋ! "የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት" ይላል፣ በትልልቅ ፊደል፣ መንገድ ዳር። አዲስ አበባ ቢሆን ማን ያየኛል? እዚህ ግን የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ቤቴን ያውቀዋል። ሁለቱ የተጣመሩት እንደ ቂጥኝ ያሉ በሽታዎች ቆዳ ላይ ስለሚወጡና ሐኪሞቹም አብረው ስለሚማሯቸው መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮንን የመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች እያሉ፣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ትንሽ የግል ክሊኒክ መረጥኩ። ከበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ።

አጠገቤ አንድ የገጠር አባት አፍንጫው ላይ ቁስል የወጣበትን ልጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። "ቁንጭር ነው" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ቁንጭር በደጋውና በወይና ደጋው፣ ገደላማ በሆነ አካባቢ ሽኮኮ ላይ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚመጣ በሽታ ነው። አይገድልም፤ ፊት ላይ ግን ጠባሳ ይተዋል። ጠበሉንም ቅጠሉንም ሞክረዋል። "ይሥቁብኛል ብሎ ትምህርት ቤት ቀረ" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና "አንቺስ ልጄ፣ ምን አገኘሽ?" ሲሉኝ ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩ። አየት አድርገውኝ "እግዜር ይማርሽ" አሉ፤ በቃ። ለወራት የሸሸሁት ጥያቄ ይኼው ነበር።

ሐኪሟ ክሬሙን ከቦርሳዬ ሳወጣ ገና ሳይከፍቱት ስሙን አነበቡልኝ፤ ክሎቤታሶል። እንደ ችፌ ላሉ ሕመሞች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ፣ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ስቴሮይዶች አንዱ ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥሮችን ያጎላል፤ ሲቆም ደግሞ ቆዳው ይቆጣል። "ፊትሽ ለምዶታል፤ ቀስ እያልን ነው የምናስጥለው" አሉኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ክሬም ለረጅም ጊዜ ተቀብታችሁ ከሆነ ለማቆም ሐኪም አማክሩ፤ ክሬሙንም ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ስለ ፀሐይ ጠየቁኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባማ ከዚህም ከፍ ትላለች፤ ግን እዚያ ከቢሮ ወደ ታክሲ ነበር ኑሮዬ። እዚህ ቅዳሜና እሑድ ከልጆቼ ጋር ሐይቁ ዳር ነን፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ደግሞ ፀሐይዋ መኖሯም ይረሳል። እኔ ያላወቅኩት ሌላው ነገር፣ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር መሆኑ ነው። ስለዚህ አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ አዘዙልኝ። "ጃንጥላም ያዢ" አሉ።

መጀመሪያ ስመጣ የከተማዋ ሴቶች ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ እያየሁ እሥቅ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ወደ ሐይቁ ስወርድ ብታዩኝ እኔም ጥቁር ጃንጥላ ይዣለሁ። መቅላቱ ቀንሷል፤ ማድያቱ ግን አሁንም አለ። ልጆቼ ጥላው ሥር ማን ይግባ እያሉ ይጣላሉ።